እኔ ስደርስ የማትነሳ ትራክተር

ጡረታ ስወጣ ለራሴ የገባሁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ የማንንም ንብረት አልረከብም። ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ኖሬያለሁ። የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ የጠፋ ሽቦ፣ የተቃጠለ አምፖል ሁሉ የሚጠየቀው ከእኔ ነበር። ቁልፉን ለተተኪዬ አስረክቤ ከግቢው ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ሌላ ቁልፍ እጄ ገባ። የትራክተር ቁልፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጡረተኞች ተሰባስበን ማኅበር አቋቋምን። እንጦጦ ላይ፣ ከማርያም ዝቅ ብሎ ካለው ተዳፋት፣ ችግኝና አትክልት የምናለማበት መሬት ተፈቀደልን። መሬቱ ለዓመታት ባሕር ዛፍ የቆመበት ስለነበር ሥሩ ዶማ ይሰብራል። የአባላቱ ወገብ ደግሞ ከዶማው ቀድሞ የተሰበረ ነው። ሥራውን ከጨረሰ አንድ ፕሮጀክት አንዲት ትንሽ ትራክተር በስጦታ ስናገኝ ሁላችንም ደስ አለን። ቁመቷ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ከኋላዋ አፈሩን እየፈጨ የሚሄድ ማረሻ ይታሰርባታል። በስብሰባው ላይ "ማን ይረከባት?" ሲባል አንገቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ትራክተር ያውቃል ማለት ነው። አላውቅም አልኩ። "ቲቸር ደግሞ!" ብለው ሳቁብኝና ፈረምኩ።

የሚነዷት ስድሳን ከተሻገሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነው ኃላፊዎችን ሲያመላልሱ ኖረው እንደኛው ጡረታ ወጥተዋል። ከማኅበሩ ጋር የተዋዋሉት እንዲያርሱና ግቢውን እንዲጠብቁ ነበር፤ ከመጋዘኑ ጎን ያለችው አንዲት ክፍልም ከሥራው ጋር ተሰጠቻቸው። ይኖሩበት የነበረው ኪራይ ቤት ለልማት ሲፈርስ መሄጃ አጥተው ስለነበር ከባለቤታቸው ጋር እዚያ ገቡ። ሥራውን ካጡ ጣሪያውንም አብረው ያጣሉ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ማንንም መሸንገል አልፈልግም።

ማክሰኞና ዓርብ እወጣ ነበር። ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱ። በየፌርማታው ሰልፍ አለ። ከአስፋልቱ ወርጄ ግቢው እስክደርስ ባለው መንገድ ግራ ጉልበቴ በየእርምጃው ያቃስታል። ከዛፎቹ መሐል የሚወርደው ብርድ በግንቦትም አይምርም። ስደርስ አፌ ደርቆ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ በሰው ሁሉ ላይ ተነጫንጬ ነው የምደርሰው።

አልነሳ ያለችበት የመጀመሪያው ቀን ግንቦት አጋማሽ ላይ ነበር። በአጥሩ በር ስገባ ጋሼ ትራክተሯ ላይ ሆነው የማረሻውን ከፍታ ያስተካክላሉ።

"ኖር፣ መምህር!" ብለው እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ።

"እስቲ ሞተሯን ያስነሱልኝና ድምፅዋን ልስማው" አልኳቸው ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ።

በአንድ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ረገጡ፤ ጎንበስ ብለው ቁልፉን አዞሩ። ጭጭ። ማንኳኳት የለ፣ ማጓራት የለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብቻ ታየናለች። ደግመው አዞሩ። ጭጭ።

"አሁን እኮ ሠርታ ነው ያጠፋኋት!" አሉ ጋሼ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

የባትሪውን ክዳን አስከፈትኩ። ጫፎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ይህንንስ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው። የፈላ ውሃ ከባለቤታቸው ተቀብዬ አፈሰስኩበት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ጋሼ መልሰው አጠበቁት። እጄን ልታጠብ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው የውሃ በርሜል ስሄድ ሞተሯ ከኋላዬ ደደደ ብላ ተነሳች። በኩራት ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ባትሪው ነበር፤ አለቀ።

አላለቀም። ዓርብ ስመጣ እንደገና ጭጭ። ጋሼ ትናንት እስከ ምሳ ሰዓት እንዳረሱባት ይምላሉ፤ በእርግጥም ከታች በኩል ሦስት መደብ የሚሆን መሬት ተፈጭቶ እንደ ሽሮ ልሟል። እኔ ግን ባትሪው ክፍያ አልያዘም ብዬ ደመደምኩ። ተፈታ። ጋሼ በትከሻቸው እስከ አስፋልቱ አደረሱልኝ፣ ከዚያ በኋላ እኔና ባትሪው ብቻችንን ቀረን። በፌስታል ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀምጬው ስሄድ ወያላው ጎንበስ ብሎ አየና "እናት፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎን በቁራጭ በቁራጭ ነው እንዴ የሚገጣጥሟት?" አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ አቅሙን አጣሁ።

ቻርጅ አስደርጌ መለስኩት። ጋሼ ገጠሙት። እኔ ከፊታቸው ቆሜ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ቁልፉን አዞሩ። ጭጭ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ወደ ሰማይ እያየሁ መረመርኳቸው። ደህና ናቸው። ናፍጣዋ ሙሉ ነው። ማርሹ ነፃ ነው። ማረሻውን የሚያሽከረክረው ማንሻ ጠፍቷል። ከትራክተሯ ጋር የመጣው መመሪያ በቻይንኛ ነው፤ ሥዕሎቹን ብቻ ገለጥኩ። አንደኛው ላይ ፈገግ ያለ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ወደ ወንበሩ የሚጠቁም ቀስት አለ፣ ከጎኑ ቁልፍ ተሥሏል። ተመቻችተው ይንዱ ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። መሸብኝና ወረድኩ። ገና ሽሮ ሜዳ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ነበሩ።

"መምህር፣ ተነሳች! እንዳሉኝ ፊውዟን ጫን ጫን አድርጌ ሞከርኳት፣ ተነሳች!"

"እሰይ" አልኩ። ማክሰኞ ስመለስ ግን አልነሳ አለች።

ልቤን አወለቀችው። በሕይወቴ ብዙ የተበላሸ ነገር አይቻለሁ፤ የተበላሸ ነገር ግን ተበላሽቶ ይቆያል እንጂ እኔን እየጠበቀ አይበላሽም። በሦስተኛው ሳምንት ከሲ.ኤም.ሲ ጀርባ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። ጎልማሳ ነው፣ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ፣ ቀልደኛ። ግማሽ ቀን ሙሉ ተኛባት። ሞተሯን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርዶ ባትሪ ላይ አስነክቶ አሽከረከረው፤ ይሠራል። ሽቦዎቹን ከጫፍ ጫፍ ዳሰሰ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘጭ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። አጠፋት፣ አስነሳት። አጠፋት፣ አስነሳት። እኔ እዚያው ከፊቱ ቆሜያለሁ፤ ምንም አላለችም።

"አሁን እርስዎ ይሞክሩ አባቴ" አላቸውና ወረደ።

ጋሼ ቀረቡ። እኔንም እሱንም አዩን። ላይዋ ወጥተው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው፣ ጎንበስ ብለው ቁልፉን አዞሩ። ጭጭ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። "ቲቸር፣ ማሽኗ ኖርማል ናት። ምንም ፕሮብሌም የለባትም። ፕሮብሌሙ ሹፌሩ ናቸው። ወይ የሆነ ነገር ይነካካሉ፣ ወይ ደግሞ..." ብሎ ጣቱን ጭንቅላቱ አጠገብ አወዛወዘ። ጋሼ ከሩቅ ያዩን ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረውን አሁንም አልረሳሁትም፤ ያን ቀን ግን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፣ ታክሲ ሊጠፋ ነው ብዬ እቸኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጋሼ ራሳቸው አንድ ነገር ሊነግሩኝ ፈልገው ሲንተባተቡ ዋሉ። ስለቆሙብኝ እኔም ቆሜ ሰማኋቸው። ላይ ሰፈር ፍግ ሊጭኑ በትራክተሯ ሲወጡ ማርያም በር ላይ ቀጥ ብላባቸዋለች። አንዴ ብቻ አይደለም።

"ሁለት ጊዜ፣ መምህር። ተሳልሜ ቀና ስል ሞተሩ የለም። ሰዎቹም አዩ። እመቤቴ አልወደደቻትም እየተባለ ነው። ከፈቀዱልኝ አንድ አባት ይዤ መጥቼ ጠበል ላስረጫት።"

"ጋሼ፣ ናፍጣ እንጂ ጠበል አትጠጣም" አልኳቸው። በራሴ ቀልድ ደስ አለኝ። እሳቸው "እሺ" ብለው ሄዱ። አንድ አዛውንት ደፍረው የነገሩኝን የማስረጃ ፍንጭ በአንድ ቀልድ ገፍቼ ጣልኩት። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ነገሩ የከፋው ኮሚቴው ሲመጣ ነው። ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው አንድ መምሪያ የመሩ፣ ሰው ሲያናግራቸው ወረቀት እንደሚፈርሙ ዓይነት አንገታቸውን የሚነቀንቁ። ከሦስት አባላት ጋር ሊያዩዋት ወጡ። ጋሼ ከማለዳው ጀምረው አርሰውባት፣ አጥበዋት፣ ወልውለዋት ጠበቁን። ስንገባ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ሞተሩ ያኔ እየሠራ ነበር፤ ልክ እኛ በሩን ስንገባ ተንገጫግጮ ጠፋ። አምስታችንም ትራክተሯን ከብበን ቆምን። ጋሼ ከፊታችን ቆመው ቁልፉን አዞሩ፣ አዞሩ፣ አዞሩ።

"ለእኛ ሲሆን ነው የማትነሳው?" አሉ ሰብሳቢው። የተላገዱባቸው መስሏቸዋል።

"ከጠዋት ጀምሮ አርሼባታለሁ፣ ጌታዬ። ይኸው መሬቱ።"

"በዶማም ይቆፈራል" አሉ ሰብሳቢው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። እኔ መዳፋቸውን አይቼዋለሁ፤ የዶማ ውሃ የቋጠረ እጅ አልነበረም። ይህንን መናገር የነበረብኝ እዚያው ነበር። አልተናገርኩም።

መሪ ተመልሰን ስንሰበሰብ ውሳኔው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ችግኙ መደብ ይፈልጋል፣ የትራክተር መንጃ ፈቃድ ያለው ጎበዝ ይቀጠር። ጋሼ ክፍሉን በአሥራ አምስት ቀን ይልቀቁ። ደብዳቤውን ማን ይስጥ? ንብረቱን የተረከበችው ትስጥ። አንዲት አባል "ሰውዬው የት ይሄዳሉ?" ብላ ጠየቀች፤ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። መቃወም ማለት እንደገና ባትሪ መሸከም፣ እንደገና መካኒክ መለመን፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት ማለት ነበር። ደክሞኝ ነበር። ስለደከመኝ ብቻ የሁለት አዛውንቶች ጣሪያ ሲነሳ ዝም አልኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ለራሴ አላገኘሁም።

ዓርብ ዕለት ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ሲያካፋ ነበር ያደረው፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል መንገዱ ላይ ተጋድሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዋናው በር መግባት ፈራሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሽቦው የላላበት ቦታ አለ፣ በዚያ ሾልኬ ገባሁና የተገለበጠ የችግኝ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን ያቺን ወረቀት ከቦርሳዬ የማወጣበት ጊዜ እንዲዘገይልኝ ነበር።

የትራክተሯ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ አላመንኩም። በመጋዘኑ ቆርቆሮ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ተደላድለው ተቀምጠው ያርሳሉ፤ ከመደቡ ጫፍ ሲደርሱ ቀስ ብለው አዙረው ይመለሳሉ። መሬቱ ከኋላቸው ጥቁር ሆኖ ይገለበጣል። ከመጋዘኑ ፊት ሲደርሱ ሞተሯን አጠፏት። አስነሷት። ተነሳች። አጠፏት፣ አስነሷት። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። በአምስተኛው ኮፈኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

"ዛሬን ብቻ አታሳፍሪኝ" አሏት።

ባለቤታቸው የክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር በአንሶላ የተቋጠሩ ሁለት ጓዞች አሉ፤ ድስት ከአንዱ ጠርዝ ብቅ ብሎ ይታያል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም፤ በእኛ አረማመድ አውቀውት ይሆናል። ቦርሳዬን ወደ ጎኔ ሸሸግኩት። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ አምስት ጊዜ አስነስተው ለእኔ ሲሆን የማትነሳ ከሆነ ይህ ሰው ምን እያደረገኝ ነው? ከመጋዘኑ ጀርባ ብቅ አልኩ።

"ኖር፣ መምህር!" ብድግ አሉ። ሞተሩ ጠፋ።

"ጋሼ፣ አሁን አምስት ጊዜ ሲያስነሷት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምን በድያለሁ ነው እንዲህ የሚጫወቱብኝ?"

"ማርያምን፣ መምህር! ምንም አላደረግኩም! ይኸው!" ቆመው ቁልፉን አዞሩ። ጭጭ። ቁልፉን ለቀው እንደገና ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ፊቴ ላይ ሲያለቅስ ማየት አልቻልኩም፣ ዘወር አልኩ።

ዘወር እንዳልኩ ነው ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ወደ ራሴ የመጣው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉ እል ነበር። ባትሪው ያው ነው። ሽቦው ያው ነው። ሹፌሩ ያው ናቸው። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እኔ።

"ጋሼ፣ እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ እሄዳለሁ። ስጠፋ ያስነሷት።"

ግራ ገብቷቸው "እሺ" አሉ። ሄድኩ። ተነሳች። ተመለስኩ፤ ጠፋች። እንደገና ሄድኩ፤ ተነሳች። ተመለስኩ፤ ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ትራክተሯን ትቼ እሳቸውን አየሁ። ከመጋዘኑ ጥግ ብቅ ከማለቴ ከወንበሩ ብድግ ብለዋል። ወንበሩም ከሥራቸው ትንሽ ቀና አለ።

ሄጄ የወንበሩን ትራስ አነሳሁት። ሥሩ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ስዊች አለች፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የተያያዘባት። ስጫናት ቀጭ ትላለች፣ ስለቃት ቀና ትላለች። ሰውዬውና ቀስቱ ያሉበት ሥዕል ትዝ አለኝ። ሹፌሩ ካልተቀመጠ ሞተሩ አይነሳም፤ እየሠራ ብድግ ካለም ይጠፋል። ተዳፋት ላይ ነጂው ቢወድቅ ትራክተሯ ብቻዋን እንዳትነጉድ የተሠራ ነው። መካኒኩ ያላወቀው የጭነት መኪና ላይ ስለሌለ ነው። ማርያም በር ላይ የጠፋችው ጋሼ ለመሳለም ብድግ ስላሉ ነው። እኛ ፊት ያልተነሳችው...

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አይቀመጡም ነበር፣ ጋሼ?" አልኩ። ድምፄ አሁንም የወቃሽ ድምፅ ነበር።

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። የመለሱልኝ ከደጃፉ ባለቤታቸው ናቸው።

"እርስዎ መቼ ይቀመጡ አሉት፣ መምህር?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። አልተቆጡም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፣ እንደኔው።

"ኖር ብሎ ብድግ ይላል። በእግዜር ሳይባል እንዴት ይቀመጥ? ትልቅ ሰው ቆሞ እያናገረው ወንበር ላይ ይንሰራፋ? ስንቴ አልኩት፣ ይህቺ ሴትዮ ንቃሃለች ብዬ። የለም፣ ደክሟት ረስታው ነው ይለኛል።"

በሐሳቤ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ያንን የግንቦት ቀን፣ ዓርቡን፣ ማክሰኞውን፣ መካኒኩ የመጣበትን፣ ጠበል ልርጭ ያሉኝን ቀን፣ ኮሚቴው የመጣበትን ሁሉ። በየቀኑ "ኖር" ብለውኛል። በየቀኑ መልሴ ስለ ማሽኗ ነበር፤ ተነሳች? አስነሷት። ምን ሆነች? አንድም ቀን በእግዜር አላልኩም።

ሠላሳ ዓመት ክፍል ስገባ ተማሪ በሙሉ ብድግ ይልልኝ ነበር። የወንበሩ ኳኳታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው ብድግ ሲልልኝ ስለኖርኩ መነሳቱን ማየት ካቆምኩ ቆይቷል። ለነዚያ ልጆች ግን በየጠዋቱ፣ ራሴን እያመመኝም ቢሆን፣ "ተቀመጡ" እል ነበር። አንድም ክፍል ቆሞ ቀርቶ አያውቅም። እኚህን አዛውንት ግን ወር ሙሉ አቆምኳቸው፤ ከዚያም ስለቆሙ ላባርራቸው ደብዳቤ ይዤ መጣሁ።

"በእግዜር፣ ጋሼ" አልኩ። ቀረብ ብዬ ደገምኩት። "በእግዜር። ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች። እኔ እዚያው ከፊቷ ቆሜ ነበር፤ የናፍጣው ጭስ ፊቴ ላይ መጣ፣ ዓይኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው ብዬ በሻርፔ ጠረግኩት። ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ወደ መደቡ ነዱ።

ማክሰኞ ለኮሚቴው የነገርኩት አጭር ነበር። "የመቀመጫዋ ስዊች ነው፣ ተገኝቷል፣ ጋሼ ይቀጥላሉ።" ሰብሳቢያችን "ብዬ አልነበር፣ የቴክኒክ ችግር ነው" አሉ፤ ብለው አያውቁም። መካኒኩም በስልክ "ቲቸር፣ በቃ ዳይሬክት ላድርጋት፣ ስዊቿን እንርሳት" አለኝ፤ ተዳፋቱን አስቤ እምቢ አልኩ። ለምን እኛ ፊት ብቻ አልነሳ እንዳለች ማንም አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም። ጋሼም ለማንም እንዳልተናገሩ አውቃለሁ፤ ተናግረው ቢሆን ኖሮ መሪ ውስጥ ያልሰማው ሰው አይኖርም ነበር።

ደብዳቤውን ቀደድኩት። በዚህ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ችግኙ መደቡን ሞልቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክፍላቸው ውስጥ ተጠለልኩ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ነበር "በእግዜር፣ ይቀመጡ!" ብዬ የጮኽኩት፤ አሁን ልማዴ ሆኗል፣ ጋሼም ከሩቅ ይስቁብኛል። ባለቤታቸው ቆሎ አቀረቡልኝ። ቀና ስል ከአልጋው ራስጌ ሁለቱ ጓዞች እንደተቋጠሩ ናቸው። አንደኛው በጎኑ ላላ ብሏል፤ የሚያስፈልጋቸውን በዚያ እያወጡ በዚያው ይመልሳሉ ማለት ነው።

"እትዬ፣ ይህ ለምን አልተፈታም?" አልኳቸው።

የቆሎውን ሳህን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት።

"ይብሉ እንጂ" አሉኝ። "አንድ ቀን ደክሞዎት ይረሱ ይሆናል ብዬ ነው።"